መድረክ ላይ የጊታር ቅኝት ሲቀያየር፦ ከልምምድ እስከ መጨረሻው ዘፈን

ቤት ውስጥ ጊታሩን ኦፕን ጂ (ክሮቹ በጣት ሳይያዙ ሲመቱ የጂ ኮርድ የሚሰጥ ቅኝት) ቃኝታችሁ ስትጫወቱ ሁሉም ነገር ያምራል። መድረክ ላይ ግን ሦስተኛው ዘፈን ላይ ይከዳችኋል። ቱነሩ (የመቃኛ መሣሪያው) አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ ይላል። ታዳሚው በዝምታ ያያችኋል። አንዱን ክር አስተካከልኩ ስትሉ ሌላው ይወጣል።

ይህ የሚደጋገምበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጆሮውን ይወቅሳል፤ ወይ ጊታሩን። እኔ መጀመሪያ የማየው የዘፈኖቹን ዝርዝር ነው። ክሮቹን ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያመሽ ሰው ምርጥ ጊታርም አያድነውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ አብዛኛው መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት የሚያልቅ ነው።

ቅኝቶቹን የምጽፈው ከወፍራሙ ስድስተኛ ክር ወደ ቀጭኑ አንደኛ ክር ነው። ፊደሎቹ የድምፆቹ ስም ናቸው። መደበኛው ቅኝት ኢ–ኤ–ዲ–ጂ–ቢ–ኢ ይሆናል ማለት ነው።

## ደረጃ 1፦ ቅኝቶቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ ቀንሱ

ወረቀት አውጡ። የምትጫወቷቸውን ዘፈኖች በሙሉ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ቅኝቱንና ከመደበኛው አንጻር ስንት ክር እንደሚነካ አስፍሩ። የተለመዱት እነዚህ ናቸው፦

- ድሮፕ ዲ (ዲ–ኤ–ዲ–ጂ–ቢ–ኢ)፦ 1 ክር
- ደብል ድሮፕ ዲ (ዲ–ኤ–ዲ–ጂ–ቢ–ዲ)፦ 2 ክር
- ዳድጋድ (ዲ–ኤ–ዲ–ጂ–ኤ–ዲ)፦ 3 ክር
- ኦፕን ጂ (ዲ–ጂ–ዲ–ጂ–ቢ–ዲ)፦ 3 ክር
- ኦፕን ዲ (ዲ–ኤ–ዲ–ኤፍ ሻርፕ–ኤ–ዲ)፦ 4 ክር
- ኦፕን ሲ (ሲ–ጂ–ሲ–ጂ–ሲ–ኢ)፦ 4 ክር

አንድ ጊታር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ በዝርዝሩ ውስጥ ከሦስት ቅኝት አትለፉ። አራተኛውን የምትፈልጉት ለአንድ ዘፈን ብቻ ከሆነ ዘፈኑን በሌላ ቅኝት ሞክሩት። ካልሆነም ለሌላ ቀን አቆዩት። ያማል፣ ግን አቆዩት።

ክር ወደ ላይ የሚስቡ ቅኝቶችን ተጠንቀቁ። ኦፕን ኢ (ኢ–ቢ–ኢ–ጂ ሻርፕ–ቢ–ኢ) ሦስት ክሮችን ከመደበኛው በላይ ይወጥራል። የክር ውጥረት ከድምፁ ፍሪኩዌንሲ ስኩዌር ጋር አብሮ ይጨምራል። በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ስታደርጉት ውጥረቱ በ26 በመቶ ገደማ ያድጋል። በአንድ ሙሉ ድምፅ ስታወርዱት ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ክር የሚበጠሰውም የጊታር አንገት የሚጎብጠውም ወደ ላይ ስትሄዱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ኦፕን ዲ ቃኙና ካፖውን (ክሮቹን በሙሉ አንድ ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ አድርጉ፤ ኦፕን ኢ አገኛችሁ። ኦፕን ኤ ስትፈልጉም ኦፕን ጂ ላይ ካፖ ሁለተኛ ፍሬት ነው።

## ደረጃ 2፦ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በክር አስቡት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ዝርዝራችሁ ኦፕን ጂ፣ መደበኛ፣ ኦፕን ዲ፣ እንደገና መደበኛ ነው እንበል። መጀመሪያ 3 ክር፣ ቀጥሎ 4 ክር፣ በመጨረሻም 4 ክር ትነካላችሁ። 11 ጊዜ ክር መንካት ማለት ነው፣ ያውም ሰው እያያችሁ።

አሁን ይህን ሰንሰለት ተመልከቱ፦

1. ከመደበኛው ጀምሩ።
2. ስድስተኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ አውርዱ። ድሮፕ ዲ ሆነ።
3. አንደኛውን ከኢ ወደ ዲ አውርዱ። ደብል ድሮፕ ዲ ሆነ።
4. ሁለተኛውን ከቢ ወደ ኤ አውርዱ። ዳድጋድ ሆነ።
5. ሦስተኛውን ከጂ ወደ ኤፍ ሻርፕ አውርዱ። ኦፕን ዲ ሆነ።

አምስት ቅኝት፣ በየመሃሉ አንድ ክር ብቻ፣ ሁሉም ወደ ታች። አምስቱንም ተጠቀሙ ማለቴ አይደለም። የምትፈልጓቸውን ሁለት ወይም ሦስት ከሰንሰለቱ ላይ ምረጡና በዚሁ ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው።

ኦፕን ጂ የሚገባው ከደብል ድሮፕ ዲ ቀጥሎ ነው። አምስተኛውን ክር ከኤ ወደ ጂ ማውረድ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወደ ዳድጋድ መሄድ ግን ሁለት ክር ያስነካል፣ አንዱም ወደ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ምሽት ከሁለቱ አንዱን ብትመርጡ ይሻላል።

ወደ መደበኛው መመለስ ካለባችሁ እረፍት ሰዓት ላይ አድርጉት። እረፍት ከሌለ ጊታር የማትጫወቱበትን ዘፈን መሃል ላይ አስገቡ። እሱም ከሌለ ኪቦርዱ ወይም ቤዙ ብቻውን የሚያስጀምረው ዘፈን ፈልጉ። የዘፈኖቹ ስሜት አይዘበራረቅም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዴ ይዘበራረቃል። ግን ሁለት ደቂቃ ሙሉ መቃኘት ከየትኛውም ቅደም ተከተል የባሰ ስሜት ይገድላል።

## ደረጃ 3፦ ጊታሩን አዘጋጁ

ክሩ አዲስ ይሁን፣ ግን የዚያው ቀን አይሁን። ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ቀይሩ። ቃኙ። እያንዳንዱን ክር 12ኛው ፍሬት አካባቢ ይዛችሁ ከጊታሩ ራቅ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡት። ይወርዳል። እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ሳቡ። ስትስቡት መውረዱን እስኪያቆም ድገሙት። ይህ ያልተደረገበት ክር መድረክ ላይ ራሱን ይዘረጋል፣ ለዚያውም ዘፈን መሃል።

መቃኛው ላይ ጥቅል አታብዙ። ለወፍራሞቹ ከ2 እስከ 3 ዙር ይበቃል። ዙሮቹ እርስ በርሳቸው አይደራረቡ። የተደራረበ ጥቅል ቅኝት በተቀየረ ቁጥር እየላላ ያስቸግራችኋል።

ነቱን መርምሩ። ነት የምለው ክሮቹ ከጊታሩ ራስ ወደ አንገቱ ሲያልፉ የሚያርፉበትን ባለ ስንጥቅ ቁራጭ ነው። የመቃኛውን ቁልፍ ስትጠመዝዙ ድምፁ አልንቀሳቀስ ብሎ ቆይቶ ድንገት "ጢን" ብሎ ከዘለለ ክሩ እዚያ ተይዟል። ክሩን አንሱና ስንጥቁ ውስጥ የእርሳስ ጫፍ ደጋግማችሁ አሹበት። የእርሳስ ዱቄቱ ያንሸራትተዋል። ካልተለወጠ ጊታር ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። ስንጥቁን ራሳችሁ አትሞርዱ። በትንሹ ከጠለቀ ክሩ ፍሬቱን እየነካ መንዘር ይጀምራል፣ ነቱም መቀየር ሊኖርበት ነው።

ወፍራሙ ክር ሲወርድ ይበቃል ወይ? ስድስተኛውን ክር ከኢ ወደ ሲ ስታወርዱ ከውጥረቱ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። የ12–53 ስብስብ (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ናቸው) እዚህ ላይ ይልፈሰፈሳል፣ ፍሬቶቹንም ይመታል። ኦፕን ሲ የምታዘወትሩ ከሆነ 13–56 ሞክሩ። ወይም ስድስተኛውን ብቻ ወፍራም አድርጉ። የክር ውፍረት ስትቀይሩ ክሩ በነቱ ስንጥቅ ውስጥ በነፃነት መቀመጡን፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑም ድምፁ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኤሌክትሪክ ጊታራችሁ በስፕሪንግ የሚንሳፈፍ ትሬሞሎ ብሪጅ (ክሮቹ በታች በኩል የሚያርፉበት ተንቀሳቃሽ ድልድይ) ካለው መድረክ ላይ ቅኝት ለመቀየር አትሞክሩ። የስፕሪንጎቹና የክሮቹ ጉልበት ተመጣጥኖ ነው የቆመው። አንዱን ክር ስታወርዱ አምስቱ ከፍ ይላሉ። ብሪጁ እንዳይንቀሳቀስ አሳግዱት፣ ወይም ቋሚ ብሪጅ ያለው ጊታር ያዙ።

## ደረጃ 4፦ ቱነሩን አስተካክሉ

ቱነራችሁ ክሮማቲክ በሚባለው፣ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች በሚያውቀው አሠራር ላይ ይሁን። "ጊታር" የሚለው ምርጫ አንዳንዱ ቱነር ላይ የሚያውቀው ስድስቱን መደበኛ ድምፆች ብቻ ነው። ኤፍ ሻርፕ ስትሰጡት ግራ ይጋባል። መነሻውም 440 ኸርዝ መሆኑን እዩ። ቦርሳ ውስጥ ቁልፉ ተነክቶ 442 ላይ ካደረ እናንተ ከራሳችሁ ጋር ትስማማላችሁ፣ ከባንዱ ጋር ግን አትስማሙም።

ጊታሩ ራስ ላይ የሚቆነጠጠው ቱነር ንዝረት ነው የሚያነበው። ለልምምድ ጥሩ ነው። አጠገባችሁ ቤዝ ሲያጓራ ግን የራሳችሁን ክር ከሌላው ላይለይ ይችላል። ለመድረክ የፔዳል ቱነር ምረጡ። በኬብል የሚመጣውን የጊታሩን ሲግናል ብቻ ያነባል፣ ስትረግጡትም ድምፁን ይዘጋል። ከሌሎች ፔዳሎች በፊት አስገቡት።

## ደረጃ 5፦ መቀያየሩን ራሱን ተለማመዱ

ዘፈኑን እንጂ መቀየሩን የሚለማመድ ሰው ብዙም አላይም። ቆማችሁ፣ ጊታሩን ትከሻችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ መብራት ቀንሳችሁ ሞክሩት። ሰዓት ያዙ። አንድ ቅየራ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከወሰደባችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ክር ቀንሱ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ድምፁን ዝጉ።
2. ክሩን ከምትፈልጉት ድምፅ ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱ።
3. ክሩን በጣት ጫን ወይም ሳብ አድርጉት። ነቱ ላይ የተያዘ ካለ ይለቃል።
4. አሁን ከታች ወደ ላይ እየሳባችሁ ድምፁ ላይ አቁሙ። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ጨርሱ። እያወረዳችሁ ካቆማችሁ የቁልፉ ጥርሶች መካከል ክፍተት ይቀራል፣ ክሩም በመጀመሪያዎቹ ምቶች ይወርዳል።
5. ሌሎች የሚቀየሩ ክሮች ካሉ ቀጥሉ። ወፍራሞቹን አስቀድሙ።
6. ስድስቱንም ክሮች እንደገና ፈትሹ፣ ያልነካችኋቸውንም ጭምር።
7. ፒክ ያዙና እንደ ዘፈኑ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። የወረደ ካለ አስተካክሉ።

ስድስተኛው ተራ ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል። ወፍራም ክር ሲላላ በአንገቱ ላይ ያለው ጉልበት ይቀንሳል። አንገቱ በጥቂቱ ቀና ይላል፣ የቀሩት ክሮችም ትንሽ ከፍ ይላሉ። "ያልነካሁት ክር እንዴት ወጣ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

በጆሮ ለማረጋገጥ። በደብል ድሮፕ ዲ፣ በዳድጋድ፣ በኦፕን ዲ እና በኦፕን ጂ የስድስተኛው ክር 12ኛ ፍሬት ሃርሞኒክ (ክሩን ሳትጫኑ ፍሬቱ ላይ በጣት ነካ አድርጋችሁ ስትመቱት የሚወጣው ቀጭን ድምፅ) ከክፍቱ አራተኛ ክር ጋር አንድ ነው። የአራተኛው ሃርሞኒክ ደግሞ ከአንደኛው ጋር። በዳድጋድና በኦፕን ዲ የአምስተኛው 12ኛ ሃርሞኒክ ሁለተኛውን ይሰጣችኋል፣ በኦፕን ጂ ደግሞ ሦስተኛውን። ሁለቱን አብራችሁ ስታሰሙ ድምፁ የሚወዛወዝ ከሆነ አልተገናኙም። ውዝዋዜው ሲጠፋ ደርሳችኋል። ይህን በቃላችሁ ያዙት። ቱነር ባትሪ ሲጨርስ ያላችሁ ይኸው ነው።

ቱነሩ አረንጓዴ ብሎም ኮርዱ ከጎረበጣችሁ ጆሯችሁ አልተሳሳተም። ቱነሩ የሚሰጣችሁ ሜጀር ሰርድ (የኮርዱ ሦስተኛ ድምፅ) ከንጹሑ በ14 ሴንት ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። ክፍት ኮርድ ላይ ይህ ጎልቶ ይሰማል። በኦፕን ጂ ሁለተኛውን ክር፣ በኦፕን ዲ ሦስተኛውን ክር በጣም በትንሹ አውርዱ። ይህ ብቻችሁን ስትጫወቱ ነው። ኪቦርድ ካለ አትንኩት፣ ከእሱ ጋር ትጣላላችሁ። በዚያ ክር ላይ ፍሬት ይዛችሁ ዜማ የምትጫወቱ ከሆነም ብዙ አታውርዱ፣ ሌላው ኮርድ ላይ ዝቅ ብሎ ይሰማል።

## ደረጃ 6፦ ሳውንድ ቼክ

ጊታሩን ከቦርሳው ቀደም ብላችሁ አውጡት፣ መድረኩን ይልመድ። የመድረክ መብራት ክሩን ያሞቃል። የሞቀ ክር ይለጠጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። ስለዚህ የመጨረሻውን መቃኘት ጓዳ ውስጥ ሳይሆን በርቶ ባለው መብራት ስር አድርጉ።

ሁሉንም ቅኝቶች በተራ አሰሙ። አኩስቲክ ጊታር ላይ የወረደው ዲ ወይም ሲ ስፒከሩን ሊያስጮኸው ይችላል። የድምፅ ባለሙያው መደበኛውን ቅኝት ብቻ ሰምቶ ካስተካከለ ይህን የሚያውቀው ታዳሚው ከገባ በኋላ ነው። በየትኛው ዘፈን ላይ እንደሚወርድ ንገሩት፣ ከታችኛው ድምፅ ትንሽ ይቀንስላችኋል።

የዘፈን ዝርዝራችሁን በትልልቅ ፊደል ጻፉ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን ቅኝቱ፣ የሚነካው ክር ቁጥርና የካፖው ቦታ ይኑር። "5 ወደ ጂ" ብሎ መጻፍ "ኦፕን ጂ" ብሎ ከመጻፍ ይሻላል። በጨለማና በጥድፊያ ውስጥ እጅ የሚፈልገው ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛ ጊታር ካላችሁ እሰየው። የሁለቱን ድምፅ መጠን አመጣጥኑ። የጊታሩን ማስቀመጫ ከመብራትና ከአየር ማቀዝቀዣ አርቁ። ኬብሉን ከመንቀላችሁ በፊት የቱነር ፔዳሉን ረግጣችሁ ዝጉ፣ አለዚያ አዳራሹን በፍንዳታ ታስደነግጣላችሁ። ተቀምጦ የቆየ ጊታር እንደተቃኘ አይቆይም። ስታነሱት ፈትሹት።

## ደረጃ 7፦ መድረክ ላይ

ዘፈኑ እንዳለቀ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ ፔዳሉን ርገጡ። ጭብጨባው ነፃ ጊዜ ነው። አንድ ክር ከሆነ በዚያው ያልቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ሰው ያውራ። እየቃኙ ማውራት የሚችል ሰው አለ። እናንተ ከሌላችሁበት አትሞክሩት፣ ሁለቱም ይበላሻል። ይቅርታም አታብዙ። ታዳሚው ችግር መኖሩን የሚያውቀው ስትነግሩት ነው።

ካፖ ስታደርጉ ወደ ፍሬቱ አስጠጉት፣ ክሮቹንም ወደ ጎን አትሳቡ። ካፖ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ካደረጋችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ።

በወረደ ክር ላይ ጣታችሁን አቅልሉ። የላላ ክር ጠንክሮ ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ይላል። ክፍት ሆኖ ልክ የነበረው ክር ኮርድ ስትይዙ የሚጣላው በዚህ ምክንያት ነው።

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ክር ዘፈን መሃል ከወጣ። የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ዝለሉት። ቀጣዩ ክፍት ቦታ ላይ በግራ እጃችሁ አስተካክሉት። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ቁልፍ አትንኩ። በግምት የሚነካ ክር ሁለተኛውን ችግር ይወልዳል።

በተሳሳተ ቅኝት ከጀመራችሁ። በመጀመሪያው ኮርድ ይታወቃል። ወዲያው አቁሙ። ሳቅ በሉና እንደገና ጀምሩ። እስከ አዝማቹ ድረስ ታግሎ ከማቆም በጣም ይሻላል።

የትኛው ቅኝት ላይ እንዳላችሁ ከጠፋባችሁ። ድምፁን ዝጉና ከስድስተኛው ወደ አንደኛው እያንዳንዱን ክር ለቱነሩ ስጡ። ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። አትገምቱ።

ቱነሩ ወፍራሙን ክር ማንበብ ካቃተው። በአውራ ጣት በቀስታ ምቱት። ካልሆነ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን አሰሙ። ቱነሩ ከፍ ያለውን ድምፅ ቶሎ ይይዛል።

ክር ከተበጠሰ። ኦፕን ቅኝቶች እዚህ ላይ ይራሩላችኋል። አንድ ድምፅ በተለያየ ኦክታቭ ስለሚደጋገም ኮርዱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ኦፕን ጂ ላይ ስድስተኛው ከተበጠሰ ደግሞ ዝም ብላችሁ ቀጥሉ። የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ኪዝ ሪቻርድስ ኦፕን ጂ የሚጫወተው ስድስተኛውን ክር አውጥቶ በአምስት ክር ነው። የተበጠሰው አንደኛው ወይም ሁለተኛው ከሆነ ዘፈኑን በታችኛው ኦክታቭ ጨርሱና ቀይሩ። መለዋወጫ ክር፣ መቁረጫና መጠምዘዣ አምፕሊፋየሩ ላይ ይቀመጥ። ቦርሳ ውስጥ ያለ ክር እንደሌለ ቁጠሩት። አዲሱን ክር በደንብ ስቡት። ለሚቀጥሉት ሁለት ዘፈኖችም በየመሃሉ ፈትሹት።

## በመሣሪያ መገላገል ይቻላል?

በከፊል። የድምፅ ከፍታ የሚቀይሩ ፔዳሎች ስድስቱንም ክር እኩል ነው የሚያወርዱት። መላውን ጊታር በግማሽ ድምፅ ለማውረድ ይጠቅማሉ፣ ኦፕን ጂ ግን አይሰጧችሁም። ትንሽ ክፍል ውስጥ ደግሞ የክሩ እውነተኛ ድምፅ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይሰማና ይጣላል።

እያንዳንዱን ክር ለየብቻ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ። ብዙ ቅኝት በመጠቀም የምትታወቀው ዘፋኝ ጆኒ ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የሮላንድን ቪጂ-8 መድረክ ላይ መጠቀም የጀመረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ክሮቹ ሳይነኩ ቅኝቱ በቁልፍ ይቀየራል። ለዚህ ግን እያንዳንዱን ክር ለብቻው የሚያነብ ልዩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይር ክፍል) ያስፈልጋል። ሞኒተራችሁም (መድረክ ላይ ለእናንተ የሚያሰማው ስፒከር) ጠንካራ መሆን አለበት፤ ጆሯችሁ የክሩን ድምፅ ከሰማ ትሳሳታላችሁ።

## ከመድረክ ስትወርዱ

ዝርዝሩን አትጣሉት። የትኛው ቅየራ እንደዘገየ፣ የትኛው ክር እንደወረደ እዚያው ላይ ምልክት አድርጉ። ሁልጊዜ የሚያስቸግረው አንድ ክር ከሆነ ነቱን እንደገና እዩ። ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ጊታሩን ወደ መደበኛው መልሱት፤ አንገቱ የተስተካከለው ለዚያ ውጥረት ነው። ለሚቀጥለው መድረክ ሙሉ ስብስብ ለመቀየር ካልቻላችሁ ቢያንስ በየዘፈኑ ስታወጡና ስታወርዱት ያመሻችሁትን ክር ቀይሩ።